«ምን አገባችሁ?»፦ ኢትዮጵያ ሄግ ላይ የተሸነፈችበት የናሚቢያ ክስ

ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ሄግ ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት 14 ዳኞች ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ 7 ለ 7 ሆነ። በፍርድ ቤቱ ደንብ መሠረት ድምፅ እኩል ሲከፈል ፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ አለው። ስለዚህ ከሰባቱ በአንዱ ወገን ድምፃቸውን ሰጥተው የነበሩት አውስትራሊያዊው ፕሬዚዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደር ለሁለተኛ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። በዚህች አንድ ድምፅ፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ወደ ስድስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተሟገቱበት ክስ ወደቀ።

ተከሳሿ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የክሱ ጉዳይ ደግሞ ያኔ «ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ» ትባል የነበረችው የዛሬዋ ናሚቢያ። ፍርድ ቤቱ አፓርታይድ ልክ ነው አላለም። ልክ አይደለምም አላለም። ወደዚያ ጥያቄ ጨርሶ አልገባም። ያለው ነገር በእኛ አማርኛ ሲጠቃለል «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ዓድዋን ተምረናል፣ የ1936ቱን የጄኔቫ ንግግር ተምረናል፤ ይሄኛው ግን የተረሳ ይመስላል፣ ምናልባት ስለተሸነፍን ይሆናል። ለእኔ ግን ስለ ሰብዓዊ መብት ካነበብኳቸው ታሪኮች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይሄው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አደራ የተባለው ነገር

ናሚቢያ ከ1884 ጀምሮ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። ከ1904 እስከ 1908 የጀርመን ጦር በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የፈጸመው እልቂት የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው የዘር ማጥፋት ነው ይባላል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጥይት፣ በበረሃ ውኃ ጥምና በማጎሪያ ካምፕ አለቁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ደቡብ አፍሪካ አገሪቱን ያዘች።

ጦርነቱ ሲያልቅ አሸናፊዎቹ አንድ ችግር ገጠማቸው። የተሸነፉት አገሮች ቅኝ ግዛቶች ለማን ይሰጡ? በግልጽ «ወሰድናቸው» ማለት ጊዜው ያለፈበት ነገር ሆኖ ነበር። ስለዚህ «ማንዴት» የሚባል ሥርዓት ተፈጠረ። በሥርዓቱ መሠረት ግዛቱን የሚያስተዳድረው አገር ባለቤት አይደለም፣ ሞግዚት ነው። የመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ቃል ኪዳን አንቀጽ 22 የነዋሪዎቹን ደኅንነትና እድገት «የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ» ብሎ ጠራው። ሞግዚቱ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል፤ የማኅበሩ ኮሚሽንም ይመረምራል።

የዚህ ሥርዓት አንዱ ዋና ነዳፊ ማን መሰላችሁ? ደቡብ አፍሪካዊው ጄኔራል ያን ስመትስ። ስመትስ በ1918 ባሳተሙት ጽሑፍ ሐሳቡን ያቀረቡት በዋናነት ለምሥራቅ አውሮፓና ለኦቶማን ግዛቶች ነበር። በአፍሪካ ያሉት የጀርመን ቅኝ ግዛቶች ግን «አረመኔዎች» የሚኖሩባቸው ስለሆኑ ሥርዓቱ አይመለከታቸውም ባይ ነበሩ። በኋላ በድርድር ደቡብ ምዕራብ አፍሪካም በሥርዓቱ ውስጥ ገባች፤ የገባችው ግን «ሐ» በሚባለው ዝቅተኛ ምድብ ነው። በዚህ ምድብ ሞግዚቱ ግዛቱን እንደ ራሱ አገር አካል አድርጎ ማስተዳደር ይችላል። እኚሁ ስመትስ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር መግቢያን አረቀቁ፤ ስለ መሠረታዊ ሰብዓዊ መብቶች የሚናገረውን ያንን የታወቀ መግቢያ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ግብዝነት ብቻ ነው ብዬ ማለፍ ይቀለኝ ነበር። ግን አይመስለኝም። ሰውየው የሚያምኑበትን የጻፉ ይመስለኛል፤ ችግሩ «ሰው» ሲሉ ማንን እንደሚቆጥሩ ነው።

እኔ የሠለጠንኩት በምህንድስና ነው፤ በእኛ ሙያ አንድ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲሠራ መጀመሪያ የሚታየው ደወሉን የሚያስጮኸው ማን ነው የሚለው ነው። ጢሱን የሚለየው መሣሪያ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከደወሉ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ከሌለ ቤቱ ዝም ብሎ ይቃጠላል። በማንዴቱ ሥርዓት ነዋሪዎቹ አቤቱታ መላክ ይችላሉ ተብሎ ነበር። ግን አቤቱታው ጄኔቫ የሚደርሰው በማን በኩል ነው? በሞግዚቱ መንግሥት በኩል! ደወሉ የተሰቀለው እሳት ለኳሹ ግቢ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ውጤቱም በቶሎ ታየ። በ1922 ቦንደልስዋርት የሚባሉ የናማ ወገኖች በውሻ ላይ የተጣለ ከባድ ግብር አንከፍልም አሉ። በውሻ ግብር ስንት ይመጣል ትሉ ይሆናል፤ ውሻ ግን አድነው የሚበሉበትና ከብት የሚጠብቁበት ነበር፤ ያለ ውሻ የቀረ ሰው ነጭ ገበሬ ቤት ተቀጥሮ ከመሥራት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። አስተዳደሩ ወታደርና አውሮፕላን ላከባቸው። ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ወደ 100 ሰዎች ተገደሉ። ጄኔቫ ላይ የሃይቲው ተወካይ ዳንቴስ ቤልጋርድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወገዙ፤ የማኅበሩ ኮሚሽንም መረመረ፣ ተቸ። ከዚያ ምንም አልሆነም።

ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነበር?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ፈረሰ። ደቡብ አፍሪካ በ1946 ግዛቷን ልጠቅልል ብላ ጠየቀች፤ ተመድ እምቢ አለ። በ1948 የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ለድምፅ ሲቀርብ 48 አገሮች ደገፉ፤ ኢትዮጵያም ላይቤሪያም ከደጋፊዎቹ መካከል ነበሩ። ስምንት አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በቀጣዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ከእንግዲህ ሪፖርት አልልክም አለች፤ ሪፖርት የምትልክለት ማኅበር ስለፈረሰ አደራውም አብሮ ፈርሷል የሚል ሙግት ይዛ። በ1950 የሄጉ ፍርድ ቤት ይህን ሙግት አልተቀበለም፤ አደራው አለ፣ ሪፖርቱም ለተመድ ይቀርባል አለ። ግን ይሄ «የምክር አስተያየት» ነበር። ምክር ደግሞ ምክር ነው፤ ካልሰሙት አያስገድድም።

በእነዚህ ዓመታት የናሚቢያ ሰዎች ዝም አላሉም። የሄሬሮው አለቃ ሆሴያ ኩታኮ በተደጋጋሚ ለተመድ አቤት አሉ። ኒው ዮርክ ሄደው እንዲናገሩ ግን አልተፈቀደላቸውም። በእሳቸው ፈንታ በ1949 ማይክል ስኮት የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ቀርበው ተናገሩ። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ መሬት የሚናገርለት ቄስ ከውጭ መፈለግ ነበረበት።

የሚያስገድድ ፍርድ ለማግኘት አንድ ጠባብ በር ቀርቶ ነበር። የማንዴቱ ውል አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦ ከመንግሥታት ማኅበር አባል አገሮች አንዱ ከሞግዚቱ ጋር በውሉ ትርጉምም ሆነ አፈጻጸም ላይ ክርክር ቢነሳበት ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጡ። አንዳቸውም ግን የፈረሰው ማኅበር አባል አልነበሩም። ከራሷ ከደቡብ አፍሪካ በስተቀር ከሰሃራ በታች የአባልነት ታሪክ የነበራቸው ላይቤሪያና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው።

ኢትዮጵያ ማኅበሩን የተቀላቀለችው በ1923 ነው። ጣሊያን በ1935 ስትወራት ማኅበሩ አላዳናትም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ባለቤቱን ያላዳነ የአባልነት ወረቀት ከ25 ዓመት በኋላ ለሌላ ሕዝብ በር መክፈቻ ሆኖ ተገኘ። ሰኔ 1960 ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። ከሦስት ወር በፊት ሻርፕቪል ላይ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ 69 ሰዎችን ገድሏል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በታኅሣሥ 1959 በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሁክ ነዋሪዎች ከሰፈራቸው አንነሳም ሲሉ ፖሊስ ከ10 በላይ ሰዎችን ገድሎ ነበር። ሁለቱ አገሮች እንደሚከሱ አስታወቁ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1960) ክሱ ሄግ ገባ። ዋና ተከራካሪ ጠበቃቸው አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ ነበሩ።

በዲሴምበር 21 ቀን 1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 7 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። የመጀመሪያው ዙር ድል ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ዘልዬ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ከዚህ ውሳኔ አምስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 14 ቀን 1962፣ ተመድ ራሱ ያቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ነበር። አዲስ አበባ ያለው መንግሥት ሄግ ላይ «ዓለም አቀፍ አደራ ይከበር» እያለ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲፈርስ እጁ ነበረበት። ገጠር ያለው ጭሰኛ ደግሞ ያኔ ግማሽ ምርቱን ለባለርስት የሚያስረክብበት አካባቢ ብዙ ነበር። ይሄ የናሚቢያውን ክስ ዋጋ ያሳጣዋል? በእኔ አስተያየት አያሳጣውም፤ ሆሴያ ኩታኮ የጠያቂያቸውን ንጽሕና እስኪመረምሩ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። ግን መብትን የሚጠይቀው መንግሥት ብቻ በሚሆንበት ዓለም፣ ጠያቂው ስለ ራሱ የሚጠየቅበት ቦታ እንደማይኖር ያሳያል።

«ያንተን ዳታ ተቀብያለሁ»

የቃል ክርክሩ በ1965 ለወራት ተካሄደ። የደቡብ አፍሪካ መከላከያ ወፍራም ነበር። የዘር መለያየቱ ለሕዝቡ ጥቅም ነው፣ እያንዳንዱ ወገን በየክልሉ እንዲያድግ ነው አለች፤ ባለሙያ ምስክሮችን ደረደረች። ዳኞቹ ራሳቸው መጥተው አገሩን እንዲያዩ ጋበዘች፤ ፍርድ ቤቱ ግብዣውን አልተቀበለም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የራሷ ኮሚሽን ጥቁር ነዋሪዎችን በ10 «የትውልድ ክልሎች» እንድትከፋፍል መክሯት ነበር።

ግሮስ ያደረጉት ነገር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው በጣም ደስ የሚል ነው። «ሆስፒታል ሠርታችኋል፣ አልሠራችሁም» እያሉ በቁጥር መነታረኩን ተዉት። ደቡብ አፍሪካ ያቀረበችውን ፍሬ ነገር እንዳለ ተቀበሉ። ከዚያ ምን አሉ? ሕጋችሁ ይበቃናል። ነጭ ብቻ ይመርጣል የሚል ሕግ አላችሁ፤ ጥቁር ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት አይንቀሳቀስም የሚል ሕግ አላችሁ፤ አንዳንድ ሥራ ለነጭ ብቻ ነው የሚል ሕግ አላችሁ። ለሰው መብትና ግዴታ በዘሩ መደልደል በራሱ ዓለም አቀፍ ደንብን ይጥሳል፤ ውጤቱ ጥሩ ሆነ መጥፎ ሆነ ብሎ መለካት አያስፈልግም። ብልህ ስልት ነው፣ አደገኛም ነበር፤ ምክንያቱም ዳኞቹ «እንዲህ ዓይነት ደንብ የለም» ቢሉ በእጅ ላይ የሚቀር ነገር አይኖርም።

ፍርዱ ሲመጣ ግን በዚህም በዚያም አልነበረም። ብዙኃኑ ዳኞች የማንዴቱን ውል አንቀጾች ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛዎቹ ስለ ነዋሪዎቹ አያያዝ የሚናገሩት ናቸው፤ እነዚህን በሚመለከት ሞግዚቱን የመጠየቅ መብት የነበረው ማኅበሩ እንደ ማኅበር እንጂ አባል አገሮች በተናጠል አይደሉም አሉ። ሁለተኛዎቹ ለአባል አገሮችና ለዜጎቻቸው ቀጥተኛ ጥቅም የሚሰጡ ናቸው። ምሳሌው ሚሲዮናውያን ናቸው፤ የአባል አገር ዜጋ የሆነ ሚሲዮናዊ ወደ ግዛቱ ገብቶ የመስበክ መብት አለው። በዚህ አካሄድ አንድ ሚሲዮናዊ እንዳይሰብክ ቢከለከል አገሩ መክሰስ ይችላል። የግዛቱ ሕዝብ በሙሉ መብቱን ቢነጠቅ ግን ማንም አገር አይችልም! ሰብዓዊ ርኅራኄ ብቻውን ሕጋዊ መብት አይወልድም፤ ለሁሉም ጥቅም ሲባል ማንም የሚያቀርበው ክስ በዓለም አቀፍ ሕግ ገና አይታወቅም አሉ።

ተቃዋሚዎቹ ሰባት ዳኞች ዝም አላሉም። አሜሪካዊው ፊሊፕ ጄሰፕ ውሳኔው የሕግ መሠረት የለውም ብለው በረጅሙ ጻፉ። ጃፓናዊው ኮታሮ ታናካ ስለ እኩልነት የጻፉት የተቃውሞ ሐሳብ ደግሞ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። በዘር መለየት በሕግ ፊት እኩልነትን እንዴት እንደሚያፈርስ በዝርዝር የተነተኑት እሳቸው ናቸው።

በ1962 8 ለ 7 ያሸነፈ ጉዳይ በ1966 እንዴት ወደቀ? ስም በስም ብትቆጥሩት ይገባችኋል። በ1962 ከተቃወሙት ሰባት ዳኞች ስድስቱ በ1966ም እዚያው ነበሩ፣ ስፔንደርን ጨምሮ። ከደገፉት መካከል ደግሞ ግብፃዊው ባዳዊ በ1965 ሞቱ፤ የፔሩው ቡስታማንቴ ታመሙ። አዲስ የተመረጡት ፓኪስታናዊው ዛፍሩላ ኻን ደግሞ በአንድ ወቅት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጊዜያዊ ዳኝነት መርጠዋቸው ነበር በሚል በችሎቱ ሳይቀመጡ ቀሩ። ሞት፣ ሕመምና አንድ ባዶ ወንበር። ሕጉ በአራት ዓመት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

ከሽንፈቱ በኋላ

ከፍርዱ 39 ቀን በኋላ፣ ኦገስት 26 ቀን 1966፣ ኦሙጉሉግዎምባሼ በተባለ ቦታ በስዋፖ ተዋጊዎችና በደቡብ አፍሪካ ኃይሎች መካከል የመጀመሪያው ውጊያ ተደረገ። በኦክቶበር የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ በ114 ድጋፍ፣ በ2 ተቃውሞና በ3 ድምፀ ተዓቅቦ ማንዴቱን ሰረዘ። ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ በ1967 የሽብር ሕግ አውጥታ ወደ ኋላ አምስት ዓመት እንዲሠራ አደረገችው፤ በዚህ ሕግ ከተከሰሱት ናሚቢያውያን አንዱ አንዲምባ ቶይቮ ያ ቶይቮ 20 ዓመት ተፈርዶባቸው ሮበን ደሴት ታስረው እስከ 1984 ቆዩ። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው ማርች 21 ቀን 1990 ነው። «ምን አገባችሁ» ከተባለ ከ24 ዓመት ገደማ በኋላ።

ፍርድ ቤቱም ስሙ ተጎድቶ ነበር። በ1970፣ ባርሴሎና ትራክሽን በሚባል ፍጹም የንግድ በሆነ መዝገብ ውስጥ፣ ማንም ያልጠየቀውን አንድ አንቀጽ አስገባ፦ አንዳንድ ግዴታዎች፣ ለምሳሌ ባርነትንና የዘር መድልዎን የሚከለክሉት፣ ለዓለም ሁሉ የሚገቡ ስለሆኑ ሁሉም አገር በመከበራቸው ሕጋዊ ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ ኩባንያ ክርክር ውስጥ ተሸጉጦ የገባ ማስተባበያ በሉት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገወጥ ነው ብሎ 13 ለ 2 ወሰነ። ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማን ነበሩ? ዛፍሩላ ኻን።

የዚያ አንቀጽ ጉልበት የታየው ግን ቆይቶ ነው። በ2019 ጋምቢያ ስለ ሮሂንጋ ሕዝብ ምያንማርን በዘር ማጥፋት ስምምነት ስትከስ፣ ምያንማር «ጋምቢያ ምን ደረሰባትና ነው» የሚል መቃወሚያ አቀረበች። በጁላይ 2022 ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን 15 ለ 1 ጣለው። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ በጋዛ ጉዳይ እስራኤልን ከሰሰች፤ በጃንዋሪ 2024 ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ዋናው ክርክር ገና ፍርድ ባያገኝም፣ ደቡብ አፍሪካ ለመክሰስ የሚያበቃ መነሻ እንዳላት ተቀበለ። በዚያ ክስ ላይ አቋማችሁ ምንም ይሁን ምን፣ የገባችበትን በር ግን አስተውሉት። በ1966 እሷን ለመክሰስ ተዘግቶ የነበረው በር ነው።

በሩ አሁንም ለመንግሥታት ብቻ ነው የሚከፈተው። ሄግ ላይ ግለሰብም ሆነ ሕዝብ ከሳሽ መሆን አይችልም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ናሚቢያውያን ናቸው። በ2021 ጀርመን በሄሬሮና በናማ ላይ የተፈጸመው ከዛሬ አንፃር ዘር ማጥፋት እንደነበር አምና፣ በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ለልማት ለመስጠት ከናሚቢያ መንግሥት ጋር የጋራ መግለጫ አዘጋጀች። ብዙ የሄሬሮና የናማ ባህላዊ መሪዎች ግን ተቃወሙ፤ ስለ አያቶቻችን ሞት ሲደራደሩ እኛ በራሳችን ስም ጠረጴዛው ላይ አልነበርንም አሉ። በ2023 የናሚቢያን መንግሥት ራሱን ዊንድሁክ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ።